የሰፋችና የሰፋላት

የግብር ሰሞን ነው፤ መጋቢት ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል፤
በርገንላይን ጎዳና ላይ፣ ጠባቧ ቢሮዬ በር ላይ ሰው ቆሟል።
አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ወንበር፣ የሚንቋቋ ማራገቢያ ይዤ
የሰው ዓመት እደምራለሁ፣ ደረሰኝ መሀል ተክዤ።

ማክሰኞ ዕለት ሁለት ሴቶች ተከታትለው መጡ፤
አግዳሚው ላይ፣ ጎን ለጎን፣ ቦርሳቸውን አቅፈው ተቀመጡ።

ኦዳሊስ፣ ከሲየንፉዌጎስ፤ ሰባ አምስት አልፏታል፤
የሙሽራ ልብስ ሱቅ አላት፤ ከሱቁ በላይ ያለው ፎቅ ተከራይቷል።
ራጊዳ፣ ከሐለብ፤ ከፓተርሰን በአውቶቡስ ትመጣለች፤
ለኦዳሊስ ቬሎ፣ በቁራጭ ሒሳብ፣ ሌሊት ዶቃ ትሰካለች።

ሁለቱም ልብስ ሰፊ ናቸው፤
ሰፊ ቤት ያላት ግን አንዷ ናት፤ ይህን የነገረኝ ወረቀታቸው።

ኦዳሊስ ስትመጣ አሥራ ዘጠኝ ነበር ዕድሜዋ፤
ያባቷ ግሮሰሪ ተወርሶ፣ አንድ ትርፍ ቀሚስ ሻንጣዋ።
አውሮፕላኑ በነፃ። ሲያርፍ ማኅተም የያዘ እጅ ጠበቃት፤
«ሁለት ዓመት ቆይተሽ ነይ» አላት፤ ቆየች፤ ወረቀቱን ሰጣት።
ጥልፍ ፋብሪካ ገባች፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አቀረቀረች፤
ፋብሪካው ሲዘጋ መኪናዎቹን በርካሽ ገዛች።
ያበደራት የባንክ ሰው ያገሯ ልጅ ነበር፤ አጎቷን ያውቃል፤
(ይህ በቅጹ ላይ ቦታ የለውም፤ ግን ከወለዱ ይበልጣል።)
ሰፋች።
ሰፋላት።

ራጊዳ ሐለብ ውስጥ አሥራ አንድ መኪና ነበራት፤
አሥራ አንድ ልጃገረዶች ሐሙስ ሐሙስ ደመወዝ የሚጠብቋት።
ባሏ መድኃኒት ቀማሚ ነበር፤ ዛሬ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ያሽጋል፤
ዲግሪው ግድግዳ ላይ ነው፤ አረብኛ ብቻ ይናገራል።
ያመጣቸው አውሮፕላን ቲኬቱ ዕዳ ነው፣ የአምስት ነፍስ፤
በየወሩ ሲከፍሉ ሦስት ዓመት፤ ገና ውቅያኖሱ መሀል ናቸው፣ የብስ ሳይደርስ።
ሰፋች።
ጠበባት።

ሒሳቡ ቀላል ነው አልኩ፤ ኩባ አተረፈች፣ ሶርያ ከሰረች።
መስመር ላሰምር ስል በሬ ተንኳኳች።

ዮስቫኒ ነው፣ የኦዳሊስ የእህቷ ልጅ፤
የፊዚክስ መምህር፣ አሁን ሳህን አጣቢ፣ ክሎሪን የበላው እጅ።
ጫካውን በእግሩ፣ ወንዙን በደረቱ አልፎ ነው የመጣው፤
የተሰጠው ወረቀት ግን፣ ዳኛው እንዳለው፣ ወረቀት ያልሆነ ወረቀት ነው።
አክስቱ የገባችበት በር እሱ ሲደርስ መስኮት ሆኗል፤
መስኮቱም ዝቅ ያለ መጋረጃ፤ «ቀጠሮ» ተጽፎበታል።

ራጊዳ ሳቀች፤ ከልቧ አልነበረም።
የቤት አከራይዋን አነሳች፤ እሱም የሐለብ ዘር ነው፤ ሌላ አይደለም።
አያቱ በመርከብ መጥቶ፣ ሐር ሸምኖ፣ መንገዱን ግማሽ ገዝቷል፤
«ሰላም» የሚለኝ ባረብኛ ነው፣ አለች፤ ኪራይ በእንግሊዝኛ ይጨምራል።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።
በአገር ስም የከፈትኩት ዓምድ አልደመር አለኝ፤ ሰረዝኩ።

አንድ ቁጥር ግን ቀረ፦ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ።
በኦዳሊስ ቅጽ ላይ «ወጪ» ተብሎ፣ ከግብሯ ተቀንሶ፣ እሷን ጠቅሞ፤
በራጊዳ ቅጽ ላይ «ገቢ»፣ ያው ቁጥር፣ የዓመቷ ሙሉ ዋጋ ሆኖ።

ኦዳሊስ መነጽሯን ጠረገች። «እኔም» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«እኔም በቁራጭ ነው የጀመርኩት፤ ምን አለበት፣ ቀስ ብሎ ይነጋ።»
ራጊዳ ከእጅጌዋ ላይ ነጭ ክር ነቀለች፤
«እኔ ደግሞ በቁራጭ ስከፍል ነበር የጀመርኩት» አለች።

ማተሚያው ብቻ ተንጫጫ።

ፈረሙ። ለሁለቱም ዋጋዬ እኩል ነው፦ ሰማንያ ዶላር።
ላንዷ የአንድ ምሳ፤ ላንዷ የሁለት ሌሊት ዓይን።
ተቀበልኩ።
ደረሰኝ ጻፍኩ።